ሁለት ገጽ ባንዴ

አማትና ምራት አንድ ጓዳ አይበቃቸውም ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን ጓዳም አልነበራቸውም። የነበራቸው ከስብሰባ አዳራሹ በስተኋላ፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ የመስታወት ሳጥን ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማዳመጫ፣ አንድ ማይክራፎንና አንድ ጠርሙስ ውሃ። በሩ ሲዘጋ የአንዷ ክርን የሌላዋን ጎን ይወጋል። እዚያ ተቀምጠው፣ መድረክ ላይ ያለው ሰውዬ አፉን ሳይዘጋ፣ እግር በእግር እየተከተሉ ያለውን ሁሉ በእንግዶቹ ቋንቋ ይናገሩታል። ቀላል የሚመስለው ካለ፣ ሚስቱ ስትቆጣው ግማሽ ሰዓት እየተከተለ በሌላ ቋንቋ ይድገምላት፤ ምላሱ ሲተሳሰር ያየዋል።

አማቲቱ ሥራው ላይ ያረጀች ናት፤ ባልደረቦቿ «እቴጌ» ይሏታል፣ እሷም ተቃውማ አታውቅም። ምራቲቱ ደግሞ ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ወረቀት ስትተረጉም የኖረች ናት። ለወረቀት እጇ ወርቅ ነው። በአፍ ሥራ ግን ገና ልትፈተን ነው። ዛሬ ካለፈች ሳጥኑ ውስጥ ትቀራለች፤ ከወደቀች ወደ ምድር ቤቷ ትወርዳለች። የአስተርጓሚዎቹ አለቃ ለዚሁ ብሎ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ያልበሰለ ሽሮ እንደበላ ሰው ተኮሳትሮ፣ የኋላ ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

«ስሚ፣» አለች አማቲቱ በሩን ገፍታ ስትዘጋ። «ልጄን ወስደሻል፤ እሱን መርቄ ነው የሰጠሁሽ። ይሄን ወንበር ግን አልመርቅልሽም። እዚህ ውስጥ ምራት የለችኝም። የሥራ ጓደኛ ነው ያለኝ፤ ወይ ትችላለች፣ ወይ አትችልም።»

«እሺ እትዬ።»

«እትዬም የለም።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«ዝም በይኝ።»

ስብሰባው ስለ ሥነ ምግባርና መልካም አስተዳደር ነበር። አስተዳደሩ እንጃ እንጂ ስብሰባውስ መልካም ነው፤ አበባው፣ ምንጣፉ፣ የወንበሩ ልስላሴ! ንግግሩን የሚከፍተው ሰብሳቢው ነው፤ ንግግሩንም ትናንት አስቀድሞ ለአስተርጓሚዎቹ ልኮላቸዋል። ምራቲቱ ተርጉማ፣ አሳምራ ጽፋ፣ ይዛው መጣች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ንግግሩ ነው። ጨርሼዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተደገፊው እንጂ አትተኚበት። ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ያላሰበውን ይናገራል፣ ያሰበውን ይውጣል። ዓይንሽ ከሰውዬው አፍ እንዳይነሳ!»

ምራቲቱ ራሷን ነቀነቀች። ራስ መነቅነቅማ ምን ይከብዳል?

ሰብሳቢው ጀመረ፤ እሷም ተከተለችው። ድምፅዋ የሚያምር፣ ረጋ ያለ ነው። እንግዶቹ ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። አለቃው ግንባሩን ትንሽ ፈታ አደረገ። ይሄን ስታይ ልቧ ሞቅ አላት፣ ዓይኗም ቀስ እያለ ከሰውዬው አፍ ወደ ወረቀቷ ወረደ። የራሷ ጽሑፍ ጣፈጣት። ከዚያ ወዲያ የሰማችው ሰብሳቢውን ሳይሆን ራሷን ነው።

ሰብሳቢው ጣቱን በምላሱ አርሶ ሁለት ገጽ ባንዴ ገለጠ። «አዳራሹን በአበባ ላስዋቡልን ሁሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው» እያለ ነበር። በእንግዶቹ ጆሮ ግን የገባው እንዲህ የሚል ነው፦ «ከዚህ ዓመት ጀምሮ የእኔም የምክትሎቼም ቤት፣ መሬትና መኪና ለሕዝብ ይገለጣል። ከራሴ እጀምራለሁ።»

እንግዶቹ ተነሥተው አጨበጨቡ። ማዳመጫ ያላደረጉት የአገሩ ሰዎች ግራ ተጋቡ፤ ግን እንግዳ ሲያጨበጭብ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ምን ዓይነት ባለቤት ነው? እነሱም አጨበጨቡ። አበባውን የደረደረችው ሴትዮ ከጥግ ወጥታ እጅ ነሣች። ሰብሳቢው ደስ ብሎት አበባውን እንደገና አመሰገነ።

እቴጌ ውሃ ስትቀዳ ቀና አለች። «እንዴ! ለአበባ ነው ይሄ ሁሉ ጭብጨባ?»

ምራቲቱ ወረቀቷን አየች፣ ሰውዬውን አየች። «እትዬ፣ ያላለውን ተናገርኩ።»

አማቲቱ እጇን ሰዳ ለሳል የተሠራችውን ቁልፍ ተጫነች፤ ቁልፏ እስከተያዘች ድረስ ማይክራፎኑ ድምፅ አያወጣም። ወረቀቱን ባንድ ዓይኗ ሮጥ ሮጥ አድርጋ አነበበች።

«ዝም በይ። ጭብጨባው ሲበርድ ከአበባው ቀጥዪ።»

«አለቃውስ?»

«አለቃው ይሄኔ ስለ ምሳው ነው የሚያስበው።»

«ሰዎቹ እኮ ይሄን ይዘው አገራቸው ሊገቡ ነው።»

«ታዲያ ጥሩ ነገር አይደል እንዴ!»

«ጥሩ ነው፤ ግን የእሱ አይደለም፣ የእኔ ነው። እኔ ደግሞ የምገልጠው መሬት የለኝም።»

«ምድር ቤት ትወርጃለሽ!»

«አውቃለሁ።»

«ልጄንስ ምን ብዬ ነው ዓይኑን የማየው? አጠገቤ አስቀምጬ አስባረርኳት ልበለው?»

«እዚህ ውስጥ ምራት የለችኝም ብለውኝ አልነበር?»

እቴጌ ማይክራፎኑን ወደ ምራቷ ገፋ አደረገችው። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

ምራቲቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ክቡራን እንግዶች፣ የምናገረው እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ። አሁን ስለ ንብረት የሰማችሁትን ሰብሳቢው አልተናገሩም። አስቀድሞ ከተላከልን ወረቀት ያነበብኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ያመሰገኑት አበባውን ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጭብጨባው ውሃ እንደፈሰሰበት ፍም ቸስ ብሎ ጠፋ። ራስ ሁሉ ወደ መስታወቱ ሳጥን ዞረ። አለቃው ማዳመጫውን አውልቆ አየው፤ ጥፋቱ የዕቃው የሆነ ይመስል። ከፊት ረድፍ አንዲት ቀይ መነጽር ያደረገች እንግዳ፣ የሩቅ አገር ዳኛ፣ እጇን አወጣች። ከእንግዶቹ ቋንቋ ወደ አገሩ ቋንቋ መመለስ የእቴጌ ድርሻ ነውና ማይክራፎኑን ወደ ራሷ ሳበች፤ የአገሩ ሰውም ማዳመጫውን ፍለጋ ተተራመሰ።

«ወረቀቱ ላይ ካለ፣» አለች እቴጌ በዳኛዋ አንደበት፣ አንዲት ቃል ሳታለሰልስ፣ «ሰብሳቢው ዘለሉት ወይስ ሰረዙት?»

ሰብሳቢው ገጾቹን አገላበጠ። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ወረደ። ሁለት ገጽ ባንዴ መግለጥ የጣት ስሕተት ይሁን የልብ፣ እሱና ጣቱ ይወቁት። አዳራሹ እያየው ነው። ከምክትሎቹ አንዱ እስክሪብቶ ወደቀብኝ ብሎ ጠረጴዛ ሥር ገባና እዚያው ቀረ።

«ተጣብቆብኝ ነው፣» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ፤ ገጹን ለይቶም ማንበብ ጀመረ።

ምራቲቱ ወረቀቷን ገልብጣ ክርኗን አስደገፈችበት፤ ዓይኗን ሰውዬው አፍ ላይ ተከለች። አሁን እንደ ቅድሙ አላማረም። እሱ ሲንተባተብ ተንተባተበች፣ ሲያቆም አቆመች፣ «ከራሴ» ላይ ደርሶ ምራቁን ሲውጥ እሷም ጠበቀችው። ሲጨርስ አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ፤ በዚህኛው ሁሉም ስለምን እንደሚያጨበጭብ ያውቅ ነበር። ምክትሉ ብቻ ገና አልወጣም።

ለምሳ ሲበተኑ አለቃው እያለከለከ ደረጃውን ወጣ።

«ማን ነው ከወረቀት አንብቢ ያለሽ?»

«ማንም።»

«አሳፈርሽን! አንድ ወር ሙሉ ንግግር አስቀድሞ አይሰጥሽም። ባዶ እጅሽን ነው የምትገቢው።»

«የት ነው የምገባው?»

«ሳጥኑ ውስጥ ነዋ! ምድር ቤት ምን ንግግር አለና እከለክልሻለሁ?»

ምራቲቱ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች እቴጌ።

«አንቺን ምን?»

«በክርኗ የምትወጋው እኔን አይደለም እንዴ? አብሬያት መሥራት እፈልግ እንደሆነ ጠይቀኝ እንጂ።»

አለቃው ተነፈሰ። «ትፈልጊያለሽ?»

እቴጌ ምራቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ማይክራፎኑ ላይ ትተነፍስበታለች። ውሃዬን ጨርሳብኛለች። ምክር በአንዱ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ እኔ ዝም በይ ያልኳትን እንኳ አልሰማችም።» ባዶውን ጠርሙስ ለምራቷ አቀበለቻት። «እሱን ባለመስማቷ ግን አልተቀየምኳትም። ከሰዓት በኋላ የሚናገረውን፣ ያንን እንደ እሳት የሚንጣጣውን ተናጋሪ እሷ ትጀምረው፤ እኔ ጉሮሮዬ ደክሟል።»

ጉሮሮዋ ምንም አልሆነም። ምሳ ላይ እስከ መጨረሻው ጉርሻ ስትቆጣ ነበር፤ ምራቲቱም እየሳቀች ስትበላ።