የጠራው ሳይነሳ

«ምንይሉ በዚህ በር ከገባ በመስኮት ነው የማስወጣው» አለ ዮፍታሔ፣ ለለቅሶኛ የሚሆን ወንበር እየዘረጋ። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ዛቻው የዋዛ አልነበረም።

ሰርክ ሰማችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ አምደሚካኤል ከተቀበረ ወዲህ ከዚያ ፍራሽ መነሳት ጠልታለች፤ ከጎኗ የማይለዩት እትዬ ለተማርያም «ተነሽ ልጄ፣ እግርሽን አፍታቺው» እያሉ ቢለምኗትም በጄ አላለችም።

ዮፍታሔ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ንዴቱ ካለ ነገር አልመጣም። አምደሚካኤል የሞተው ከሎስ አንጀለስ ወጣ ብሎ፣ ከላንካስተር ወዲያ ባለ እርሻ ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት ጓደኛው ከምንይሉ ጋር ለአደን በወጣበት ጠዋት ነው። ጥይት አልነካውም፤ ልቡ ነው ቀጥ ያለው። ግን አምቡላንሱ ሲደርስ ከሞተ ቆይቷል። ሐኪሙ «ቶሎ ቢጠሩን ምናልባት» ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ያቺ «ምናልባት» ከሆስፒታል ወጥታ የሐበሻውን ሰፈር ፌርፋክስን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰች። ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ሰው የሚጨምረው ሌላ ወሬ ነበር። ተጣልተው ነበር አሉ። ጥሎት ሸሽቶ ነው አሉ። ምንይሉም ቀብር ላይ ከዛፍ ሥር ቆሞ ታየና ጠፋ፤ ለቅሶ ቤት አልደረሰም፤ ስልክ አያነሳም።

ሰርክ ፍርድ አልፈለገችም። ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፦ ባሏ ሲሞት ምንይሉ የት ነበር? ይህን ሳታውቅ የሚያጎርሷትን ሁሉ በእጇ ትመልሳለች።

«ድሮም ይሄ የዱር ነገር አላማረኝም» አሉ እትዬ ለተማርያም፣ ከፔርሙስ ቡና በወረቀት ኩባያ እየቀዱ። «በጾም ውሻ ሊገድሉ መሄድ!»

«ውሻ አይደለም እኮ፣ እትዬ» አለች ሰርክ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው በበግ ነው። አምደሚካኤልና ምንይሉ ለገና በግ ሊገዙ ያ እርሻ ሄደው፣ ባለቤቱን ኮዮቴ በጎቼን ፈጀብኝ እያለ ሲያማርር አገኙት። ኮዮቴ ቀበሮ እንዳይሉት ይተልቃል፣ ተኩላ እንዳይሉት ያንሳል፤ ተንኮሉ ግን ከሁለቱም ይብሳል። ሽማግሌው ገበሬ ትንሽ የእንጨት ፊሽካ አውጥቶ ነፋላቸው። የተያዘች ጥንቸል ጩኸት ወጣ። ኮዮቴ ይህን ሲሰማ ቁርስ ደረሰ ብሎ ይመጣል፤ አዳኙ የሚጠብቀው ያኔ ነው።

አምደሚካኤል ሳምንቱን ሙሉ ዳውንታውን ምድር ቤት ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የሚውል ሰው ነው። ፊሽካዋን በያዘ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ሳሎን ውስጥ ሲለማመድ ጎረቤት ሕፃን ታነቀ ብላ በር ደበደበች። ሰርክ አባረረችው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ሲለማመድ ከላይ እያየች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

አንድ ክረምት እሷንም ወሰዳት። አልፋልፋ የሚሉት የከብት መኖ ማሳ አመዳይ ለብሷል። ከድርቆሽ ክምር ሥር አስቀምጧት ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከ፦ «ከጠራሁ በኋላ ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነው። እኔ ሳልነሳ እንዳትነሺ። የጠራው ሳይነሳ ማንም አይነሳም።» ጠራ። ጠበቁ። እግሯ ደነዘዘ፤ ከወገቧ በታች የሷ አልመስል አላት፤ ብድግ አለች። ማሳው ዳር የደረሰችው ኮዮቴ ዞራ ተፈተለከች። አምደሚካኤል በመልስ መንገድ ሳንታ ክላሪታ ከተማ እስኪደርሱ ድረስ አላናገራትም።

«ስትሪት ክሊኒንግ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከመስኮቱ ዳር፣ የመንገድ መጥረጊያውን መኪና አይቶ። «ቲኬት እየሰጡ ነው!»

የሎስ አንጀለስ ለቅሶኛ ለሟች ይነሳል፣ ለቄስ ይነሳል፣ እንደ መኪና ቅጣት ግን የሚነሳለት የለም። ወንዶቹ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ወረዱ። ዮፍታሔም መኪናውን ሙቭ ሊያደርግ አብሮ ወረደ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

በዚያ በር ምንይሉ ገባ።

የሚነዳት ታክሲ ውስጥ ሆኖ ሰዓት ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁለት። ፍራሹ ፊት ደርሶ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለና ተንበረከከ።

«የት ነበርክ?» አለች ሰርክ።

«ሰርኬ...»

«እሱ ሲሞት። የት ነበርክ?»

ደረጃው ላይ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ዮፍታሔ ታክሲዋን አይቶ ነው የተመለሰው። ገብቶ የምንይሉን ኮሌታ ጨመደደ። እትዬ ለተማርያም «በሥላሴ!» ብለው ክንዱ ላይ ተንጠለጠሉ።

«ተወው» አለች ሰርክ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይጨርስ።»

ዮፍታሔ ኮሌታውን አልለቀቀም፤ ቢሆንም ቆመ። ምንይሉ አንገቱ እንደታነቀ ተናገረ።

«ከማዶ፣ ቦዩ ውስጥ ነበርኩ፤ ጠመንጃው እኔ ጋ ነው። እሱ ከድርቆሹ ሥር ይጠራል። ክምሩ ከልሎት አይታየኝም። እንደ ሁልጊዜው ሁለቴ ጠራ። ከዚያ ሦስተኛው... ሰርኬ ሙች፣ እንደሱ ሰምቼ አላውቅም። ይቆራረጣል። ያቃስታል። ዛሬስ ፐርፌክት አደረጋት አልኩ በሆዴ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ኮዮቴዋ መጣች፤ መታኋት። ይነሳል ብዬ ስጠብቅ አልተነሳም። እንግዲህ ሌላ እየመጣ ነው፣ እሱ አይቶታል ብዬ ቁጭ አልኩ። አመዳዩ እስኪሟሟ ቁጭ አልኩ። እሱ ሳይነሳ ተነስቼ አላውቅማ!»

የዮፍታሔ እጅ ከኮሌታው ላይ ወረደ።

«አንተን እኮ ነው የጠራው» አለ። ቁጣው አልቆ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ወንድሜ አንተን ነው የጠራው።»

«አሁን ገባኝ» አለ ምንይሉ። «ዮፍቴ፣ አሁን ገብቶኛል።»

ሰርክ ነገሩን ገጣጠመችው። ጓደኛው በጥይት ርቀት ተቀምጦ እየሰማው፣ እያደነቀው፣ ባሏ ሞተ። ጥሎት ሄዶ ቢሆን ትረግመው ነበር፤ እርግማን ደግሞ ያሳርፋል። ይህንን ሰው ግን ለምን ታዘዝክ ብላ ትርገመው? ሕጉን ያወጣው የራሷ ባል ነው።

ምንይሉ እጁን ኪሱ ከተተና ፊሽካዋን ፍራሹ ላይ አኖራት። «ከእጁ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ። «ላምጣልሽ እያልኩ ስንት ቀን ከበሩ ተመለስኩ።»

የፊሽካዋ አፍ ላይ የአምደሚካኤል ጥርስ የነከሰበት ምልክት አለ። ሰርክ አነሳቻት፤ አገላበጠቻት። ከዚያ ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነፋች።

መጀመሪያ ባዶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ደግማ ነፋች። የጥንቸሏ ጩኸት ቤቱን ሞላው፤ ተቆራረጠ፤ አቃሰተ፤ ቆመ።

ማንም አልተነቃነቀም። ከመኪና የተመለሱት ወንዶች ቁልፋቸውን እንደጨበጡ በሩ ላይ ቀሩ። እትዬ ለተማርያም የቀዱት ቡና እጃቸው ላይ ቆሟል። ሰርክ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል ጠበቀች። እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ግን ከልቧ ጠበቀች። እግሯ እንደዚያን ጊዜው ደነዘዘ። ዛሬ ግን ታገሰችው፤ ከጠራች በኋላ የሚጠበቀውን ያህል፣ ከዚያም በላይ፣ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች።

ምንይሉ እንደተንበረከከ ነው።

ሰርክ አንድ እጇን ፍራሹ ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ በደነዘዘ እግሯ ቀስ ብላ ተነሳች። ነጠላዋን ሰበሰበችና ቁልቁል አየችው።

ያኔ እሱም ተነሳ።