የነፋሱ ሰዓት

«ኧረ ተቀመጥ! እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ አንተ ትዞራለህ?» አለችው አክስቱ፣ የሻይ ብርጭቆ የተደረደረበትን ትሪ ይዛ ስታልፍ።

የጥርስ ሐኪሙ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ከየጎረቤቱ በተለቀሙት ወንበሮች መሀል ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ይመላለሳል። ግራ ክንዱን ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር ያወናጭፋል። አባቱ ከተቀበረ ወዲህ እንዲሁ ነው። ለቅሶ ደራሾቹ አቀርቅረው ይንሾካሾካሉ።

«ሐዘኑ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ይሆን እንዴ?»

«እኔስ የፈራሁት ለጥርሴ ነው። የሚመጣው ሳምንት እሱ ጋ ቀጠሮ አለኝ። በዚህ እጁ ሊነቅለኝ?»

ሳቃቸውን በመሀረብ አፈኑት። ሐኪሙ ሰምቷል፤ ቢሰማስ ምን ያድርግ? ግራ እጁ ላይ ያሰረው የአባቱን የወርቅ ሰዓት ነው። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሲያዩት ምራቃቸውን የሚውጡለት ዓይነት ነው። ባትሪ የለውም፤ ጉልበት የሚያገኘው ካሰረው ሰው ክንድ ነው። የትኛው ወር እንደሚያጥር፣ የትኛው እንደሚረዝም፣ በየአራት ዓመቱ የምትጨመረውን ቀን ሳይቀር ራሱ ያውቃል። ይህ ሁሉ ግን እስካልቆመ ድረስ ነው። ከቆመ ከቀኑ እስከ ዓመቱ እንደ አዲስ መሞላት አለበት። አባቱ ደግሞ «ሌላ ሰው ከሞላውማ የሚቆጥረው የሰውዬውን ቀን እንጂ የእኔን አይደለም» ይል ነበር።

አባቱ የሕንፃ ተቋራጭ ነበር። ሠራተኞቹ «ነፋሱ» ይሉታል። አሁን መሠረት ቁፋሮው ጋ ነበር ሲባል ጣሪያ ላይ ይገኛል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። የሐኪሙ እናት «ሰዓቱ የዘመኑን ቀን ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ የልጁን ልደት አያውቅም» እያለች ስትተርበው ይስቅና «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። ሐኪሙ ልጅ ሳለ በዚህ ሰዓት ይቀና ነበር። ከአባቱ ጋር የሚውለው ሰዓቱ ብቻ ነበርና።

በመጨረሻ ነፋሱ ሆስፒታል ተኛ። ክንዱን ከአንሶላው ማንሳት እንኳ አቃተው።

«ልጄ፣ ሊቆምብኝ ነው» አለው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዓይኑን ወደ ሰዓቱ አዙሮ። «እስቲ እጄን ወዝወዝ አድርግልኝ።»

«አውልቄ እኔ ልሰረው አባዬ?»

«አይሆንም። እኔው ላይ እያለ።»

ሐኪሙ የአባቱን እጅ ያዘ። መዳፉ ሻካራ፣ ክንዱ ካሰበው በላይ ቀላል ነበር። ሕፃን እንደሚያባብል ቀስ እያለ ወዘወዘው። ከዚያ ወዲያ ከክሊኒኩ እንደወጣ በቀጥታ እዚያው እየሄደ፣ ያንኑ እጅ ይዞ ይቀመጥ ጀመር። ነፋሱ ስለ ሰነጠቀ ግድግዳ፣ ስለ አታላይ ግንበኛ ያወራለታል። አንድ ቀን ደግሞ አፍሮ «ለመሆኑ የተወለድከው መቼ ነበር?» ብሎ ጠየቀው። በዕድሜያቸው ያን ያህል አብረው ተቀምጠው አያውቁም። አሁን ሰዓቱ ቢቆም ያ እጅ ከእጁ የሚያመልጥ ይመስለዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ታዲያ ለአክስቱ ምን ብሎ ያስረዳት?

ማምሻው ላይ እንግዳው ሳሳ። እናቱ ከተቀመጠችበት ጥግ ጠራችው።

«ና እዚህ፣ አጠገቤ ሁን።»

«መጣሁ እማዬ፣ ትንሽ ልንቀሳቀስና።»

«እሷን 'መጣሁ' ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻታለሁ» አለች፣ ድምጿ ተሰባብሮ። «አባትህን አንድ ቀን እንኳ ማስቀመጥ አቃተኝ። አንተም ልትሄድብኝ ነው?»

«ከቆመ እኮ አለቀ!»

«አልቋል እኮ ልጄ።»

ሐኪሙ ወለሉ መሀል ቀጥ ብሎ ቀረ። እሱ የአባቱን እጅ ይዞ የተቀመጠባቸውን እነዚያን ቀናት፣ እናቱ በር በሩን እያየች ከኖረችበት ዘመን ጋር አነጻጸራቸው። ማሰሪያውን ፈታ። ሰዓቱን ባዶ ብርጭቆዎቹ መሀል አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ።

ክንዱ ግን አልሰማም። ምንም ሳይታሰርበት ጭኑ ላይ ይወዛወዛል፤ ሊያቆመው ቢሞክርም እምቢ አለው። እናቱ በሁለት እጇ ያዘችው። ሊያስለቅቃት ታገለ። እሷ ግን ጠበቅ አድርጋ እቅፏ ውስጥ አስገባችው፣ እስኪረጋም ድረስ አልለቀቀችውም።