እሾኋን ማን ይቁረጣት

ማላኪ ላቨል አይቀናም። ይህን ራሱ ነግሮናል፤ ያውም በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ፣ ሦስቱን ማንም ሳይጠይቀው። የሚሠራው ክሎንሺ መገንጠያ ላይ ካለው የከብት መኖ መደብር ስለሆነ፣ በዚያ ሰሞን መኖ የገዛ ሁሉ ከከረጢቱ ጋር «እኔማ ለጎብነት ደስ ነው ያለኝ» የምትል ቃል ተሸክሞ ይወጣ ነበር።

ማላኪ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ በደብሩ አዳራሽ የኋላ ክፍል የጨዋታ አባት ሆኖ ኖሯል። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛውን ይከቡለታል። እያንዳንዳቸው የአንድ ጀግና ነፍስ ይለብሳሉ። እሱ አገሩን፣ ጠላቱን፣ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር ይተርክላቸውና «እህ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላቸዋል። እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚፈርደው ግን ባለ ሃያ ገጽ የዕጣ ጠጠር ነው። ቁጥሩ ከበዛ ሰይፉ ይቆርጣል፤ ካነሰ ጀግናው በገዛ ጫማው ተደናቅፎ ይወድቃል። ማላኪ ከፊቱ ካርቶን አቁሞ ከካርቶኑ ጀርባ ስለሚጥል፣ የሱን ቁጥር ማንም አያይም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ እሑድ አለው።

ዐሥራ አንዱን ዓመት ያሳለፉት ዘንዶ ሲገድሉ ነው። ቀዩ ሲያልቅ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲያልቅ ጥቁር። ማንም አላማረረም። ታይግ፣ ላም አርቢው የልጅነት ጓደኛው፣ ዘንዶው እሳት ሲተፋ በስልኩ የኳስ ውጤት ያያል። ሆኖም እዚያው መጥቶ፣ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚያየው፤ ማላኪም በዚህ ይረካል።

ከዚያ ፖስታ አመላላሿ ጎብነት ክረምቱ ሲገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በወጥ ቤቷ ሌላ ጠረጴዛ ዘረጋች። ዘንዶ የላትም። ያላት ሟች አክስቷ የነገረቻት ነው፤ ክብ ጉብታው፣ ብቻዋን የቆመችው እሾህ ዛፍ፣ ቅቤ የሚሰርቁት፣ ሙሽራ የሚወስዱት፣ በስማቸው የማይጠሩት፣ ከጉብታው ሥር የሚኖሩት መናፍስት። «ደጋጎቹ» ነው የምንላቸው። ደግ ስለሆኑ አይደለም፤ ይሰማሉ ብለን ነው።

የማላኪ ሦስት ሰዎች «እስቲ አንድ ቀን እንያት» ብለው ሄዱ። ሰኞ ዕለት ታይግ የጥጃ መኖ ሊገዛ ሲመጣ ጃኬቱን ገልብጦ ለብሷል፤ ገበሩ ወደ ውጭ፣ የፋብሪካ ምልክቱ ከማጅራቱ ሥር ተንጠልጥሎ። ማላኪ በጨለማ የለበሰ መስሎት ነገረው። ታይግ ሳቀና አወራለት። ቅዳሜ በጎብነት ጨዋታ ጉም ውስጥ ገብተው፣ የማይረገጠውን ሣር ረግጠው፣ የገዛ ማሳቸው በር ጠፋባቸው። ሲዞሩ ዋሉ። ኋላ ታይግ የአባቱ ምክር ትዝ አለው፤ ልብስህን ገልብጠህ ልበስ፣ መንገዱ ይገለጥልሃል። በአፉ ብሎ አልበቃውም፤ ከወንበሩ ተነሥቶ አወለቀና ገለበጠ። ሦስቱም ገለበጡ።

«እመነኝ ማላኪ፣ ጉሙ ሲገፈፍ በዓይኔ አየሁት» አለው። «ከዚያ ወዲህ መልሼ ልገለብጠው እልና፣ ምን አስቸኮለኝ ብዬ እተወዋለሁ።»

ማላኪ መኖውን መዘነለት። ሰባት ነገሥታት ሞተውለት፣ አንድ ባሕር እንዳለ ደርቆለት፣ ታይግ በዐሥራ አንድ ዓመት ከወንበሩ የተነሣው ሽንት ቤት ለመሄድ ብቻ ነው። ታይግ ደግሞ ከረጢቱን ትከሻው ላይ ካደረገ በኋላ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እንደበዛባቸው፣ ላሞቹም ሊወልዱ እንደደረሱ፣ አንዱን መምረጥ ሳይኖርባቸው እንደማይቀር ነገረው። የፊታችን እሑድ ይነጋገሩበታል። የትኛው እንደሚቀር አልተናገረም፤ አነጋገሩ ግን የመረጠ ሰው አነጋገር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጎብነት ፖስታ ይዛ ስትመጣ ማላኪ እሑድ መጥታ እንድትጫወት ጋበዛት። በወጉ የሚመራ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ብታይ አይከፋም አላት፤ ይህን እንደ ደግነት ቆጥሮት ነው። ጎብነትም ከልቧ አመሰገነችና የፖም ኬክ ይዛ እንደምትመጣ ተናገረች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ስድስት ቀን ጻፈ። የሚፈልጉት ደጋጎቹን ከሆነ በከረጢት ያገኟቸዋል። ለእያንዳንዱ ጉልበቱን፣ ፍጥነቱን፣ ስንት ቁስል እንደሚችል በቁጥር አወጣለት። አርባ ገጽ ሞላ። መጨረሻው ላይ ከእሾህ ዛፍ ሥር የወርቅ ዘውድ ቀበረ፤ ዘውዱን የፈለገ ዛፏን በምሣር መቁረጥ አለበት። ልብ እንዲያንጠለጥል ብሎም ዛፏን በገበሬው በሄሽን ማሳ መካከል አቆማት፤ ሁላችንም በየቀኑ የምናልፋት፣ የቆረጣት መዓት ይወርድበታል ስለሚባል ሄሽን በትራክተሩ ዙሪያዋን እያረሰ እሷን የሚተዋት፣ ያቺኑ። ማላኪ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ምንም ማመካኛ የለውም።

እሑድ ዝናብ ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት እንደ ቅቤ ፈሰሰ። የታይግ ስልክ ከኪሱ አልወጣም። ነርሷ ዴርቭላ ክፉውን የጉብታ ዘበኛ በጥያቄ አደናብራ አለፈች፤ የመንገድ መሐንዲሱ ፊያክራ ድልድይ ሠራ። ማላኪ በካርቶኑ አናት ጎብነትን ሰረቅ እያደረገ አየ። ፈገግ ብላ ታዳምጣለች።

«እነሆ፣ የሄሽን እሾህ» አለ ማላኪ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምሣሩ በእጃችሁ ነው። ማን ይቆርጣል?»

ዴርቭላ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች፤ ስኳር አልጨመረችበትም። ፊያክራ ካርታውን አዟዟረና፣ ዘውዱን ከጎን በኩል ጉድጓድ ቆፍሮ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይቻልም ተባለ። እንግዲያውስ ዘውዱ ለምን ያስፈልገናል አለ።

ማላኪ ዛፏ ወረቀት ላይ ያለች ዛፍ መሆኗን አስረዳ። ሁሉም ተስማሙ። ፊያክራ በእንዲህ ያለ ነገር እንደማያምን ተናገረ፤ ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት እሱ የነደፈው መንገድ ከአንዲት ቁጥቋጦ አጠገብ ሲደርስ ጎበጥ ያለው ለምን እንደሆነ ዴርቭላ ስትጠይቀው፣ ለውሃ መውረጃ ነው አለ። ውሃው ሽቅብ ነው የሚወርደው ወይ አለችው።

«ታይግ፣ አንተ ጣል» አለ ማላኪ።

«አልጥልም።»

«ጠጠር ነው እኮ።»

«ጠጠር መሆኑን አውቃለሁ። ስድስት ላሞች በዚህ ሳምንት ይወልዱልኛል። አንተ ራስህ ጣላ፣ ጀግናው።»

ማላኪ ጠጠሩን አነሣ። የሚገርመው ክንዱ አልታዘዘውም። በየማለዳው ወደ ሥራ ሲሄድ በዚያች ዛፍ አጠገብ በብስክሌት ያልፋል፤ ነገም ያልፋል። አርባ ገጽ ሥራ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በአንዲት እሾህ ፊት ቆመ። ፊቱ ቀላና ጠጠሩን ወደ ጎብነት ገፋው።

«ነገሩ ያንቺ ነው አይደል። ሊቋ ታሳየን።»

ጎብነት ጠጠሩን አልነካችውም። ጀግናዬ ምሣሩን ሣሩ ላይ ታስቀምጣለች አለች፤ ሻርፗን ከራሷ ታወርዳለች፤ ዘውዱን ለአንድ ቀን እንዲያውሷቸው ደጋጎቹን ትለምናለች። ታይግ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ማላኪ ይህን የወንበር ድምፅ ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ሲሰማው ደግሞ ለሷ ሆነ።

እሺታውን ዕጣ ይፍረድ ብሎ ጠጠሩን ከካርቶኑ ጀርባ ጣለ። ዐሥራ ዘጠኝ። ድንጋይ እንኳ እሺ የሚልበት ቁጥር ነው። ማላኪ ቁጥሩን አየ፣ ጎብነትን አየ፣ ጠጠሩን በመዳፉ ሸፈነው።

«እምቢ ብለዋል» አለ።

ፊቷ ሲጠቁር ለማየት ጠበቀ። ፊቷ ግን ያው ነው። ታይግማ ጭራሽ ደስ አለው።

«ታዲያስ! በመጀመሪያው እሺ ሊሉ ኖሯል? ባለጌ ናቸው እንዴ?»

መቼም በኛ አገር ሻይ እንኳ በመጀመሪያ ግብዣ የሚቀበል ሰው የለም። ሦስት ጊዜ ካልተለመነ ያፍራል፤ የማይለምነውም ያሳፍራል። የማላኪ ቅናት ወግ ሆኖ ተቆጠረለት። ዴርቭላ ጀግናዋን አንበርክካ ከስንቋ ቅቤ አቀረበችና ለመነች። ማላኪ አሁን ጠጠሩን ሳይጥል እምቢ አለ፤ እነሱ ግን ይበልጥ ተጠጉ። ራሶቻቸው በጠረጴዛው ላይ ሊጋጩ ምንም አልቀራቸውም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲመኘው የኖረውን ፊት ሁሉ በአንድ ጊዜ አየው፤ ያመጣውም የገዛ ክፋቱ ነው።

ሦስተኛውን ጎብነት ለመነች። አሁን ዘውዱን አልጠየቀችም።

«ምን በደልናችሁ?» አለች፣ ለዛፏ። «ለምንድን ነው የጨከናችሁብን?»

ማላኪ አርባውን ገጽ ገለጠ። ጉልበት አለ፣ ፍጥነት አለ፣ የዚህ መልስ የለም። ወረቀቱን አስቀመጠና ዝናቡን አዳመጠ።

«እየሳቃችሁ ታልፋላችሁ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የተረት ድምፁ አልነበረም። «ሁልጊዜ በአጠገባችን እየሳቃችሁ ታልፋላችሁ። እኛ ከሥሯ ሆነን እናያለን። ወርቅ አለን፤ ዘውድ አለን። ቅቤያችሁን ስንወስድ ርቧቸው ነው ትላላችሁ። አልራበንም። ቤታችሁ ውስጥ ምን እንደሚያስቃችሁ ልናውቅ ፈልገን ነው።»

ዴርቭላ መነጽሯን አወለቀች። ታይግ ወደ ማላኪ ሳይሆን ወደ ካርቶኑ እያየ ቆየ፤ ካርቶኑ ላይ ምንም አልተጻፈም።

ጎብነትም ማላኪን አላየችውም። ለዛፏ ነው የተናገረችው። «ቅዳሜ ወጥ ቤታችን ውስጥ ባዶ ወንበር አለ። መምጣት ትችላላችሁ።»

«አንድ እግሩ ይወዛወዛል» አለ ታይግ። «ወረቀት አጥፈህ ከሥሩ ካስገባህ ግን ይቆማል።»

ማላኪ ዘውዱ ተሰጥቷችኋል አለ። ለአንድ ቀን። ከዚያ ተነሥቶ ሻይ ማፍያውን ሊያጥብ ሄደ፤ ማፍያው ግን ገና ግማሹ ሻይ ነበር።

ጎብነት ተከትላው መጥታ ፎጣውን አነሣች። ማላኪ ጀርባውን እንደሰጣት፣ ያኔ የወጣላት ዐሥራ ዘጠኝ እንደነበር ነገራት።

«እንኳን ደበቅከው» አለች። «በመጀመሪያው እሺ ቢሉ እኔ ራሴ አላምናቸውም ነበር። እኔ እኮ እነሱን እንዴት እንደምፈራቸው ነው የማውቀው። ምን እንደሚሰማቸው አንተ ታውቃለህ።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ማላኪ እስከ ዛሬ አልለየውም። ጓዳው በር ላይ ዴርቭላ ነገሩን ቆርጣ ጨረሰችው፤ አንድ ሳምንት ቅዳሜ በጎብነት ቤት፣ አንድ ሳምንት እሑድ እዚህ፣ አምስቱም ሰው በሁለቱም። የማላኪ እሑዶች እኩሌታ ሆኑ። እኩሌታ ደግሞ ታይግ ሰኞ ዕለት ሊል ከነበረው፣ ከምንም፣ ይበዛል።

ቅዳሜ ሲደርስ ማላኪ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መጣ። ጎብነት አራቱንም ጀግኖች ወንዝ አሻገረቻቸው፤ ከወንዙ ዳር አንዲት ሴት የሚሞት ሰው ሸሚዝ ታጥባለች፤ ሸሚዙ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ አንዳቸውም አልደፈሩም። ማላኪ ሁለት ጊዜ ሻይ ቀርቦለት አልሰማም።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ታይግ፣ እንዴት አየኸው፣ አለው። ማላኪ ብስክሌቱን እየገፋ ብዙ አሰበ።

«ወንዙ ትንሽ ሰፋ» አለ። ሌላ እንከን አላገኘም፤ አጥብቆ ፈልጎ ነበር።