ጎዶሎ ጉትቻዎች

«ያ ሰውዬ ዛሬም መጣልህ» አለችው ታላቅ እህቱ፣ ባዶውን የሻይ ብርጭቆ ልትቀበለው ጎንበስ ብላ።

ፈታሹ ቀና አላለም። ሰውዬውን ገና ከበሩ ሳይገባ በኮቴው ለይቶታል። ዶቃ ሻጩ ነው። ትናንት መጥቶ ነበር፣ ከትናንት ወዲያም፣ በቀብሩ ዕለትም። ለቀስተኛ ሲሆን አንዴ ይመጣል፣ ቢበዛ ሁለቴ፤ «ያጥናህ» ይልና ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሁለት ቃል ጣል አድርጎ ይሄዳል። ይሄኛው ግን በየቀኑ እየመጣ ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሻይ ሲሰጡት ተቀብሎ ያቀዘቅዘዋል፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየ እንባውን ያወርደዋል። የሟቿ የፈታሹ ሚስት የገዛ ወንድም እንኳ እንዲህ አላለቀሰላትም።

«ምን አድርጋለት ነው እንዲህ የሚነፋረቀው?» አለ ፈታሹ በጥርሱ መሀል።

«ደንበኛው ነበረች እኮ።»

«የሥጋ ሻጩም ደንበኛ ነበረች። አንድ ቀን መጥቶ ሄደ፣ አለቀ።»

«እንግዲህ ጀመረህ» አለች እህቱ። «ሚስትህን ቀብረህ ገና አፈሩ ሳይደርቅ?»

ፈታሹ የሚለው ስም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የጫማ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ከሥራ የሚወጣውን ሠራተኛ ሲፈትሽ ነው የኖረው። ሠራተኛው ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ ሁለት እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እሱ ከብብት እስከ ቁርጭምጭሚት ይዳብሰዋል። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ዓይኑ ግን ጡረታ አልወጣም። ሰው ሰላም ሲለው ከፊቱ በፊት ኪሱን ነው የሚያየው። «አንተ እኮ መልአክ ቢመጣልህ ክንፍህን አንሣ ትለዋለህ» ትለው ነበር ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና።

«ከሱ ይልቅ ልጅህን ላስጠራት?» አለች እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የእናቷ ሀዘን እኮ ነው፤ ሰውስ ምን ይለናል?»

«እሷን እንዳታነሺብኝ!»

ልጁ አንድ ብቻ ናት። እሷም ሄዳ ሄዳ የወደደችው የፋብሪካውን ቆዳ ቆራጭ ነበር። ወሬው የተነሣ ዕለት ፈታሹ ምሳ አልበላም።

«ያንን ልጅ ስንት ዓመት ፈትሼዋለሁ መሰለሽ» አላት ለሚስቱ። «አንዲት ቁራጭ ቆዳ እንኳ አላገኘሁበትም!»

«ታዲያ ጨዋ ልጅ ነዋ!»

«ጨዋ? ጎበዝ ሌባ ነው እንጂ! ጨዋ ሰው አንዴ እንኳ አይሳሳትም?»

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። እንደማይቀልድ ስታውቅ አለቀሰች። ከዚያ ሻንጣዋን ያዘች። «ከወጣሽ ደጄን አትረግጭም» አላት። ይህ አልበቃ ብሎት ሚስቱንም አስማላት፤ የልጇን ዓይን ላታይ። ሚስቱ ማለች፤ መሐላዋንም ጠበቀች። ዓመታት ነጎዱ። በቀብሩ ዕለት ልጅቷ ከባሏ ጋር ከሰዉ ኋላ ቆማ አይቷታል። ከስታለች። አንገቱን አዙሮ አለፈ። እሷም ወደ ቤት አልመጣችም። ይሁን እንጂ በሩ በተንቋቋ ቁጥር ማን ገባ ብሎ የሚያየው ሌባ ፍለጋ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ግን ቢገድሉት ለእህቱ አይነግራትም።

አመሻሽ ላይ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል እህቱ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። አፏን የሚበላት ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር።

«ዶቃ ሻጩ ሲወጣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የጀመረችው ጉትቻ ነበር፣ አግኝታችሁታል ወይ?› አለኝ።»

«እሱ ምን አገባው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ፈታሹ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ። በመስኮቱ ደፍ ላይ የሚስቱ የብስኩት ቆርቆሮ ከትሪዋ ጋር አለ። ዶቃ መሥራት የጀመረችው ልጅቷ በሄደች ሰሞን ነው። ማታ ማታ እሱ ሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ እሷ ዶቃው እንዳይንከባለል ትሪው ላይ ቁራጭ ጨርቅ ታነጥፍና በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ እየለቀመች ትሰካለች። «ልቤን ያሳርፍልኛል» ትላለች። እሱም ከማልቀስ ይሻላል ብሎ ተዋት። አንዳንዴ «ዓይንሽን ልታጠፊው ነው» ይላታል፤ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። ጨዋታቸው ይኸው ነበር። ጉትቻዎቹን ግን አንድ ቀን አድርጋቸው አታውቅም፤ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ቆርቆሮውን ከፈተ። ከላይ በየብልቃጡ የተለየ ዶቃ፣ ሰም የተቀባ ክር፣ ትንሽ ፒንሳ። ከሥር የተጠቀለለ ጥቁር ጨርቅ። ጨርቁን አልጋው ላይ ዘረጋው። ጉትቻዎች በተርታ ተሰክተዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ እንደ ወይን የጠቆረ ቀይ። አንዱም ጥንድ የለውም።

ደግሞ ፈተሸ። ብልቃጦቹን ገለበጠ፤ የቆርቆሮውን ክዳን ውስጡን ዳበሰ፤ ፍራሹን አነሣ። የአንዱም ጓደኛ የለም።

ይህን ብልሃት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በፋብሪካው ጫማ በጥንድ አይሰረቅም። ሌባው ዛሬ ግራ እግሩን ሆዱ ላይ አጣብቆ ያወጣል፤ ቀኙን ሌላ ቀን ሌላ ሰው ያወጣዋል። ቢያዝ «ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ ነው፣ አንድ እግር ጫማ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ፈታሹ ይህን ታሪክ እራት ላይ ሺህ ጊዜ አውርቶታል፤ እናትና ልጅም አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

«ግራውን ብቻ ብታገኝስ?» ብላ ጠይቃው ነበር ሚስቱ።

«ቀኙን የያዘውን እፈልጋለሁ! ሳላገኘው እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።»

አሁን ግራው በእጁ ነው። ቀኙን የያዘ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ ሰንብቷል። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልገጥም አለው። ከተርታው መጀመሪያ ያሉት ጉትቻዎች ስፌታቸው የላላ፣ ዶቃቸው የተንጋደደ ነው፤ ወደ መጨረሻው እየጠነከረ ይሄዳል። ሚስቱ ግን ወጣት ሳለች እዚያው ፋብሪካ የጫማ ፊት ትሰፋ የነበረች ሴት ናት፤ እጇ ጠምሞ አያውቅም። እነዚህ የእሷ አይደሉም። እንግዲያው ሰውዬው ነው እየሠራ የሚሰጣት። የእሷን ደግሞ እሱ ወስዷል። በዚህ ዕድሜ! ፊቱ ነደደ፤ ያንን ሁሉ ምሽት ከፊቱ ተቀምጣ ለሌላ ሰው ስትሰፋ ታየችው፤ ሊጮኽባት ፈለገ፤ የለችም። ትሪው ላይ የተጀመረች ጉትቻ አገኘ፤ ሰማያዊና ነጭ፣ መርፌዋ ከነክሯ ተንጠልጥላለች። መርፌዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ጉትቻዋን ከነመርፌዋ ለማስረጃ ብሎ ደረት ኪሱ ከተታት።

በማግሥቱ ዶቃ ሻጩ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ፈታሹ ተነሣ። «እስቲ አንዴ ወደ ውስጥ» አለው። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እህቱ «ኧረ በሀዘን ቤት!» ብላ ክንዱን ልትይዘው ስትል አመለጣት።

በሩን ዘጋና አልጋው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ አሳየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የሰውዬው ዓይን ሞላ። «ሁሉንም አስቀምጣቸዋለች!»

«ግራ ግራውን አስቀምጣለች። ቀኝ ቀኙ የት አለ?»

«ጋሼ፣ እኔ ቃል ሰጥቻት...»

«ከሚስቴ ጋር ደግሞ የምን ቃል ነው? እጅህን ዘርጋ!»

«እንዴ ጋሼ!»

«ዘርጋ ነው የምልህ!»

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ እጆቹን ዘረጋ። የፈታሹ እጅ ሥራውን አልረሳም። ከብብት ጀምሮ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ላይ ቆመ። የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ሲፈታው ከውስጡ አንዲት ጉትቻ ወደቀች፤ ሰማያዊና ነጭ፣ ጫፏ ላይ አንዲት ቀይ ዶቃ። ከኪሱ የሚስቱን ጅምር አውጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። ቀይዋ ዶቃ ቀረቻት እንጂ ቁርጥ እሷን ናት።

«ያዝኩህ» አለ። እንደ ድሮው ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም። «አንተ ነህ የምትሠራላት።»

«እኔ? እኔ ዶቃ እሸጣለሁ እንጂ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ አልችልም!» ሰውዬው እጆቹ አሁንም እንደተዘረጉ ናቸው። «ልጅዎ ናት፣ ጋሼ።»

ፈታሹ ዓይኑን ከጉትቻዎቹ ወደ ሰውዬው መለሰ።

«ልጅዎ ከቤት የወጣች ሰሞን እናትየው ሱቄ መጥታ አለቀሰች። ‹ዓይኗን አላይም ብዬ ምያለሁ፤ የእጇን ሥራ አላይም ግን አላልኩም› አለችኝ። ዶቃውን ገዝታ ለሁለት አካፈለችው። አንዷን ጉትቻ እሷ ትሠራለች፣ አንዷን ልጅቷ። ሲያልቅ እኔ ዘንድ ያኖሩታል፣ እኔ አለዋውጥላቸዋለሁ። የልጅቷ እዚህ፣ የእናትየው እዚያ። መጀመሪያዎቹ መንጋደዳቸው ልጅቷ ገና ስትለምድ ነው። የአሁኑን ልጅቷ ቀድማ ጨረሰች፤ ተራው የእናቷ ነበር። ሳትጨርስ ሞተችና የልጅቷ ኪሴ ውስጥ ቀረብኝ። ለእርስዎ ልስጥ እያልኩ እመጣለሁ፤ ፊትዎን ሳይ ድፍረቱ ይከዳኛል።»

«ከእኔ ደብቃ» አለ ፈታሹ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ከእኔ ደብቃ!»

«የቱን ደበቀች? ቆርቆሮው ቁልፍ አለው እንዴ?» አለ ዶቃ ሻጩ። «እኔ እንኳ ‹ቢያይብሽስ?› ስላት ምን ትለኝ ነበር መሰለዎት? ‹ይየው! የእሱን ጠባይ እኔ አውቃለሁ። ጎዶሎ ነገር ካየ ሌላኛውን የያዘውን ሳያገኝ አይተኛም። ያን ቀን ልጄን ያገኛታል› ትለኝ ነበር። ስትመጣ ሁልጊዜ ‹ዛሬም አላየም› ብላ ነው የምትጀምረው።»

ፈታሹ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የአገሩን ሕዝብ ሁሉ ኪስ በርብሮ፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ቆርቆሮ «ምን እየሠራሽ ነው? እስቲ አሳይኝ» ብሎ አንድ ምሽት አልከፈተም። እሷ ግን በየምሽቱ እዚያው ፊቱ ዘርግታ ጠብቃዋለች። ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርግባት ምን ተሰምቷት ይሆን? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ገና አሁን አለቀሰ፤ አፉን በክንዱ ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

«በል እጅህን አውርድ» አለ በመጨረሻ አፍንጫውን እየጠረገ። «የት ናት?»

«ሱቄ ናት። ሀዘን የተቀመጠችው እዚያ ነው። ሌላ የት ትቀመጥ?»

ፈታሹ ሁለቱን ጉትቻዎች ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ለቀስተኛውን እንደተቀመጠ ትቶ ወጣ። እህቱ «ወዴት ነው?» ብላ ከኋላው ጮኸች።

የዶቃው ሱቅ ጠባብ ነው። ልጁ ጥቁር ለብሳ፣ በክር ከተንጠለጠሉት ዶቃዎች ሥር ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። በጆሮዋ ጉትቻ አለ፤ በአንዱ ጆሮዋ ብቻ። ባሏ አጠገቧ ቆሟል። በሩ ላይ የፈታሹን ጥላ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አስቦም ሳይሆን፣ እንደለመደው ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘረጋ።

ፈታሹ ያንን ሲያይ እንባው ተመልሶ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት በእነዚያ እጆች ሥር ምንም አላገኘም፤ የሚገኝ አልነበረማ።

«አውርድ የኔ ልጅ» አለው። «አውርድ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ከዚያ በሱቁ በር ላይ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ። የሚያልፍ ሰው አየው፤ ግድ አልሰጠውም። አማቹ ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ግን ከበርጩማዋ ተነሣች፤ ቀስ ብላ ቀረበች፤ እጇን ደረት ኪሱ ውስጥ አገባች። መጀመሪያ የራሷ ሥራ ወጣ። ቀጥሎ የእናቷ፣ መርፌዋ ከተጠቀለለችበት ጨርቅ ጋር፣ ክሯ ከነቋጠሮዋ።

«አልጨረሰችውም» አለች።

«አንዲት ቀይ ዶቃ ናት የቀረቻት» አለ አባቷ፤ እጆቹን አላወረደም። «ቤት አለች፤ ብልቃጡ መስኮቱ ጋ ነው። ነዪ።»

ልጅቷ መርፌዋን ከጨርቁ ፈታች፤ እንዳትጠፋ በቀሚሷ ደረት ላይ ሰካቻት፤ ከዚያ የተዘረጋውን የአባቷን ክንድ ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችው።