አልቀጥን ያለው ናሙና

ቤተሰቡ «አውራው» ይለው ነበር። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት የሚያስታውስ የለም፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሲናገር ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሰው ሲናገር ስልኩን ይጎረጉራል። ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ታናሽ እህቱ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ አይታ አይታ አንገሽግሿታል፤ ሆኖም ታላቅ ነውና «ጋሼ» ትለዋለች።

ካገባ ሰባት ዓመት ሆነው፤ ልጅ የለም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በነዚያ ዓመታት ያላያት ሐኪም፣ ያልተወጋችው መርፌ የለም። ሁሉም «ደህና ነሽ» ብለው መለሷት። አማቷ ግን ምራታቸው ብቅ ባለች ቁጥር የጎረቤት የልጅ ልጆችን መቁጠር ይቀናቸዋል። አውራው ያኔ እንደ ተበደለ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ የምርመራ ክፍል ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት እህቱ ዘንድ መጣ። ሚስቱን ሊፈታ ቆርጧል፤ ዘመድ እንዳያማው ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ጽፋ እንድትፈርምለት ፈለገ። ናሙና ሳይሰጥ እንደማይሆን ነገረችው። ወንድ ባልደረባዋ እንዲመረምረው ብትለምነውም፣ ምስጢሬን ለባዕድ አልሰጥም አለ። በመጨረሻ ውለታ እንደሚውል ሰው ፊቱን ከስክሶ ኩባያውን ተቀበላት። ሰጥቶ ሲያበቃም ኮሪደሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ በሽተኞቹ እየተራመዱት ያልፋሉ።

የወንድ ዘር ፈሳሽ እንደወጣ ይረጋል። ከዚያ ከፕሮስቴት እጢ የሚመጣ ኢንዛይም ያረጋውን ፕሮቲን እንደ መቀስ ይቆራርጠዋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቀጥናል፣ ዘሮቹም ነፃ ይወጣሉ። የአውራው ግን በግማሽ ሰዓቱ አልቀጠነም። አንድ ሰዓት ሞልቶትም በመምጠጫ ቱቦው ስታነሳው እንደ ሙጫ ተጎተተ። በማይክሮስኮፕ ስታየው ዘሮቹ እዚያው ተይዘው ጭራቸውን ብቻ ያወዛውዛሉ።

ላብራቶሪው ለእንዲህ ዓይነቱ የሚያስቀምጠው ኢንዛይም አለ፤ አናናስ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ እሱም ፕሮቲን ቆራጭ ነው። ጥቂት ጠብታ ጨመረችበት። አሥር ደቂቃ ቆይታ ዳግም ስታይ፣ ዘሮቹ ከዳር እስከ ዳር ይተራመሳሉ። አንድ እንከን የለባቸውም። አጥበው በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ቢያኖሯቸው ማስረገዝ የሚችሉ ነበሩ። እህቱ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተቀመጠች። ሰባት ዓመት ሴትየዋ የተንከራተተችው ይህ ሰው አንዲት ኩባያ ናሙና አልሰጥም ብሎ ነው።

ጠርታ ነገረችው። ናሙናው አንዴ እንደሚደገም፣ ነገሩም እንደሚታከም አስረዳችው። ከሁሉ የሰማው አንዱን ብቻ ነው።

«ጤነኛ ናቸው አላልሽም? እሱን ጻፊ፣ ሌላውን ተዪው።»

«ሚስትህን ይዘህ ና፤ ሐኪሙ ያያችኋል።»

አውራው ወደ በሩ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካመጣኋትማ ታውቃለች።»

እህቱ አየችው። ጠረጴዛ የሚደበድበው ሰውዬ አንዲት ልብስ ሰፊ ፈርቶ ላብ አጥምቆታል። ከዚያች ቀን ወዲህ «ጋሼ» ብላው አታውቅም። ያየችውን ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችው። አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሁድ ዘመድ እናታቸው ቤት በተሰበሰበበት ወረቀት አወጣ። የእሷ አይደለም፤ ከተማው ማዶ ካለ ሌላ ላብራቶሪ ያስጻፈው ነው፤ ማኅተሙ ጽሑፉን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። ሁሉም ደህና መሆኑን፣ የላብራቶሪውን ስም ሳይቀር፣ ጮክ ብሎ አነበበ። እናትየው እንባቸውን ጠረጉ። ሚስቱ ጣቶቿን ታያለች። ይባስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረና ባለሙያዋ ትመስክር አለ። የሰው ውጤት አላወራም አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ሚስትየው በር ላይ ደረሰችባት።

«አንቺ እያለሽለት ከተማ አቋርጦ ባዕድ ዘንድ የተመረመረው ለምንድነው?»

እህትየው የሥራዋ ሕግ አፏን ዘግቶታል። መሬት መሬት አየች።

«ገባኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በዚያው ሳምንት የስፌት ማሽኗን ፒክአፕ ላይ ጭና ሄደች። የሚፈታት እሱ ነበር፤ ቀደመችው። አውራው ግን ለሰው ሁሉ «አባረርኳት» እያለ አወራ፤ እናቱም አመኑት።

ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ። ይህችኛዋ የፋርማሲ ሠራተኛ ናት፤ የምትታለል አልሆነችም። ልጅ ሲዘገይ፣ አብረን ካልተመረመርን ብላ ሱቁ ድረስ ሄዳ፣ ደንበኞቹ ፊት አስነስታ ሐኪም ቤት አመጣችው። ናሙናው ያው እንደ ሙጫ ነበር። አጠቡለት፣ በቱቦ ተደረገ፤ በሦስተኛው ሙከራ ሚስቱ አረገዘች።

ሴት ልጅ ተወለደች። አውራው ለጠያቂው ሁሉ፣ ጥፋቱ የቀድሞ ሚስቱ እንደነበረ ይኸው ታየ እያለ ያወራል፤ እናትየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይስማማሉ። አዲሷ ሚስት ሰምታ ከንፈሯን አጣመመች፤ ትዳሯ ነውና አላጋለጠችውም። እህትየው ሕፃኗን ስማ፣ ያመጣችውን ልብስ አስቀምጣ፣ ሳትቀመጥ ወጣች።