ከደጀ ሰላሙ ውጭ

«አውቃ ነው ውጭ የቆመችው።»

እትዬ ዘነበች ይህን ያላሉበት ቦታ የለም። ለለቅሶ የመጣ ሰው ገና ነጠላውን ሳያስተካክል ይነግሩታል፤ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ይናገሩታል፤ ከእብናት እህል ጭኖ ሲያልፍ ውሃ የለመነ ነጋዴ እንኳ ሰምቶት ሄዷል። ቃሉ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት። ማስተዋል፣ የፈንታሁን ሚስት፣ ያን እሑድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ቆማ ቀረች፤ ልጇንም አላስገባችም፤ ባሏን ግን ወደ ውስጥ ሰደደችው። እንግዲህ አውቃ ነው።

የሌላ ሰው አፍ ቢሆን የወይራ በር ሰው ይስቅበት ነበር። ትንሽ ከተማ ናት፤ ከደብረ ታቦር በሚመጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ወፍጮ፣ አንድ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ የሚተርፈው ሐሜት ነው። እትዬ ዘነበች ግን የመምሬ ይሻው ሚስት ነበሩ። መምሬ ይሻው ደግሞ ያን እሑድ ከተገደሉት ሃያ ሦስት ሰዎች የመጀመሪያው ናቸው። የሟች ቄስ ሚስት የተናገሩትን ማን ደፍሮ ሐሰት ነው ይላል?

የሆነው እንዲህ ነው። ኅዳር ነበር፣ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። ቅዳሴው ተጋምሶ ዲያቆኑ ሕዝቡን ለጸሎት ሲያስነሣ፣ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ቆመ፤ ተኩሱም ያኔ ተጀመረ። መሣሪያ የያዙት ሰዎች የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ጎጆ ጀርባ ነው የገቡት። ማስተዋል የሦስት ዓመት ልጇን ሊድያን አዝላ ከግንቡ ውጭ ቆማ ነበር። በመጀመሪያ በቆርቆሮው ላይ በረዶ የወረደ መሰላት፤ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጥርት ያለ ነው። ከዚያ በበሩ የሚወጣ ሰው ጠበቀች። የወጣው ጥቂት ነው፤ ፈንታሁን ከጥቂቶቹ ውስጥ አልነበረም።

ተኳሾቹ በመጡበት ሄዱ። ማን እንደሆኑ ሬዲዮው አንድ ነገር አለ፣ ስልኩ ሌላ አለ። የሚያውቅ ካለም አይናገርም። የተኮሱት ሰዎች ፊት አልነበራቸውም። ማስተዋል ግን ፊት ነበራት፤ ያንኑ ፊቷን ይዛ በየቀኑ ውሃ ልትቀዳ ትወጣ ነበር።

ለምን ውጭ እንደቆመች ከእሷ ሌላ የሚያውቁት መምሬ ይሻው ነበሩ።

መስከረም ላይ ፈንታሁን ከጎረቤቱ ከሙላቴ ጋር በወንዙ ዳር ማሳ ተጣላ። የሁለቱም ወረቀት አልጠራ ሲል ሽማግሌዎቹ ምስክር ይማል አሉ። ማስተዋል የሚካኤልን በር ይዛ፣ የድንበሩ ድንጋይ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከቦታው አልተነቃነቀም ብላ ማለች። ድንጋዩን ግን ፈንታሁን ራሱ ክረምቱ ሳይገባ በበሬ ሲያስጎትተው ምሳ ይዛለት ሄዳ በዓይኗ አይታለች። ማሳው የእነሱ ሆነ፤ የበላችው ግን አልወርድ አላት። ሄዳ ለመምሬ ይሻው ተናዘዘች። የንስሐ አባቷ ናቸው፤ አርባ ቀን ከደጀ ሰላም እንዳታልፍ ቀኖና ሰጧት። ሲያልቅ ባሏንና ሙላቴን ራሳቸው አቀራርበው ማሳውን ሊያስመልሱ፣ እሷ እስከዚያ አፏን ልትይዝ ተስማሙ። ያዘች። ኩሩ ናትና በየሰንበቱ በር እየለወጠች ቆመች፣ አንዱን እሑድ በምሥራቅ፣ አንዱን በወንዙ በኩል፣ ማንም እንዳይቆጥርባት። ያያት ቢኖር የወር አበባዋ ነው ብሎ ያልፋል።

ከቀብሩ በኋላ ጤፉ ደረሰ። ማስተዋል ወንድም የላትም፤ ጠላ ጠምቃ ደቦ ጠራች። ጠላው እዚያው ማድጋው ውስጥ ሆመጠጠ እንጂ አንድ ሰው አልመጣም። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ሴቶቹ ጀርባቸውን ሰጧት፤ አንዷ ግን ጀርባ መስጠት ብቻ አልበቃትም።

«ማስተዋልዬ፣ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ብቻ ንገሪን፤ እኛም ከውጭ እንቁም።»

ሳቁባት። እሷም እህሏን ሳታስፈጭ ተመለሰች። በማግሥቱ ማጭዷን ይዛ ብቻዋን ወረደች፣ ሊድያን ከግራሯ ሥር አስቀምጣ ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ አጨደች። ቀና ስትል ያጨደችው የአንድ ጎረምሳ የጠዋት ሥራ አይሞላም። ጤፍ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ ከደረቀ ይረግፋል። ከረገፈ እሷና ልጇ ከርሞን በዚያ ቤት አያዩትም።

እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄደች። እግራቸው ሥር ተቀምጣ፣ እንደሚያውቋት፣ ሊድያን ክርስትና ያነሡላት እሳቸው እንደሆኑ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ከሚለቅሙት ምስር ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«አውቅሻለሁ። አንቺ ቆመሻል፣ መምሬ ተኝተዋል። ሌላ ምን ልወቅ?»

እንግዲህ የቀራት እውነቱን መናገር ነበር፤ እውነቱ ደግሞ ማሳውን እንደሚያስወስድባት፣ አፈር የገባውን ባሏንም ሌባ እንደሚያሰኝባት አላጣችውም። ክርክር የሌለበት የላይኛው ማሳ ይበቃኛል አለች በልቧ። ሰው ካመናት ደቦው ይመጣል፤ ደቦው ከመጣ ቤቷን አትለቅም።

በቀጣዩ እሑድ ሽማግሌዎቹ ጥዱ ሥር ተቀምጠው ሳለ መካከላቸው ቆመች። መሐላውን፣ ድንጋዩን፣ ኑዛዜውን፣ አርባውን ቀን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ሴቶቹ ከኋላ ቆመው ይሰማሉ፤ እትዬ ዘነበችም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከእነሱ ጋር ነበሩ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ታደሰ ጠየቋት።

«መምሬ ቀኖናውን ሲሰጡሽ የሰማ ሰው አለ?»

«ኑዛዜ ነው አባቴ። ማን ይሰማል?»

«እሳቸው ደግሞ የሉም።»

«የሉም።»

«ስለዚህ በአንቺ ቃል ብቻ እንመን» አሉ አቶ ታደሰ። «ሚካኤልን ይዘሽ በዋሸሽበት አፍ።»

በራሷ ላይ የተናገረችውን አመኗት፣ ለራሷ የተናገረችውን አላመኗትም። ማሳው ጤፉ እንደቆመበት ለሙላቴ ተመለሰ። ሙላቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ በነጋታው አሥራ ሁለት ሰው ይዞ እየዘፈነ አጨደና አንድ ቁና ጤፍ ላከላት። እሷም መልሳ ላከችለት። የላይኛው ማሳ ጤፍ እንደቆመ ረገፈ። በጥር የቤቷን ቆርቆሮ አስነቅላ ሸጠች፣ ሊድያን አዝላ እህል የጫነ ኢሱዙ ላይ ወጣች፣ ደብረ ታቦር ወረደች።

አንድ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆነች። እጇ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው፤ ልጇ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አገርሽ የት ነው ሲሏት የይፋግ ነኝ ብላ ትዋሻለች። ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ቀኖናዋን የሚፈታላት ካህን ሞቷል፤ ለሌላ ካህን እንደገና ከመናዘዝ ደግሞ ሳህን ማጠብ ይሻላታል።

ሐምሌ ላይ ዲያቆን ዳኛቸው የጓዳውን በር አንኳኳ። ያን እሑድ ሕዝቡን ለጸሎት ያስነሣው እሱ ነው፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ለእግሩ ሐኪም ፍለጋ መጥቶ እዚህ ናት ቢሉት ነው። ስለ ወይራ በር ጠየቀችው። በሰኔ እንደገና ተኩስ መጥቶባት ግማሹ ሰው ተሰድዷል፣ ወፍጮው ተቃጥሏል፣ አቶ ታደሰም ሙላቴም ሞተዋል አላት። እትዬ ዘነበች ግን የሞቱት በሕመም ነው፤ አልጋቸው አጠገብ እሱ ነበር።

«አንድ ነገር ነግረውኛል» አለ፣ ምርኩዙን እያየ። «ያን ቅዳሜ ማታ መምሬ፣ ‹ማስተዋልን ሂጂና ንገሪያት፤ ቀኖናዋን ፈትቼላታለሁ፣ ነገ ልጇን ይዛ ትግባ› ብለው ልከዋቸው ነበር። እትዬ ደክሟቸው ሳይመጡ ቀሩ።»