ከዲናሞው ሽቦ ጋር የታሰረው አንቴና

ሹፌሩ የአማቱን የጭነት መኪና መንዳት የጀመረው ልጃቸውን ባገባ ማግስት ነው። ቤቱ የአማቱ፣ መኪናው የአማቱ፣ ሥራው የአማቱ። ይባስ ብለው መሪው አጠገብ ክሩስኮቱ ሥር የመገናኛ ሬዲዮ አስገጠሙለት። ሴትዮዋ መጋዘናቸው ቁጭ ብለው «የት ደረስክ? ለምን ቆምክ?» ይሉታል። መቼም ሰው አማቱ ቤት ያድራል፤ አማቱን ጆሮው ውስጥ ይዞ መዋል ግን የምን ኃጢአት ነው? ትንፋሽ አጠረው።

አንድ ቀን ሬዲዮውን የገጠመው ሰውዬ «አንቴናውን ከዲናሞው ሽቦ ያራቅኩት እንዳይጮህብህ ነው» ያለው ትዝ አለው። ብልጥ አይደል! ምንጣፉን ገለጠና ሁለቱን ሽቦዎች አስተቃቅፎ በጥቁር ናስትሮ ጥፍር አድርጎ አሰራቸው። ከዚያ ወዲያ ሞተር ሲነሳ ሬዲዮው «ዊዊዊ» ብቻ ሆነ፤ ነዳጅ ሲሰጠውማ ይብስበታል። ሲቆም ደግሞ ሬዲዮውን ያጠፋዋል። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሴትዮዋ ሲጣሩ ከጩኸቱ ውስጥ ጉርምርምታ ይመጣል። እሱም ማይኩን ተጭኖ «አይሰማም!» ይላል። እያደር አፉ ተፈታ። «አይሰማም እንጂ ቢሰማማ እነግርዎት ነበር! ታፍኛለሁ፣ አንቺ አሮጊት! ወንድሜ ዘንድ ሥራ አግኝቻለሁ። ልጅዎን ይዤ ልሂድ፣ ይልቀቁኝ!» እኔ ካልሰማኋቸው እሳቸውም አይሰሙኝም ብሎ ነው እንግዲህ። ማታ ግን አንገቱን ደፍቶ «እንደምን ዋሉ እማማ» ይላል። እሳቸውም ትክ ብለው ያዩትና «ደህና» ይላሉ። ሚስቱ ባለችበት ሌላ ነገር አይነሳም።

ሰሞኑን አማቱ መኪናው ጋራዥ ይግባ አሉ። የጋራዡን ኤሌክትሪሺያን በቅጥነቱ «ሽቦ» ይሉታል። ጋራዡ ጠባብ ነው፤ ሹፌሩ የተቀመጠበት በር ከግድግዳው ተጣብቆ አይከፈትም። ሽቦ በወዲያኛው በር ተንጋሎ ገባና ምንጣፉን ገለጠ። ናስትሮውን አየ፣ ከዚያ ሹፌሩን አየ።

«ይሄን ያሰረው ጠላትህ ነው?»

«ወንድሜ፣ እንዳለ ተወው። ብልሽቱ አልተገኘም በላቸው። ሴትዮዋን አታውቃቸውም።»

«እንዴት አላውቃቸውም! ‹እሱ የሚለው ጥርት ብሎ ይሰማኛል፣ የእኔ ግን አይደርሰውም መሰለኝ› ብለው አይደል የነገሩኝ?»

ሹፌሩ ክው አለ። «ጥርት ብሎ?»

«ታዲያስ! ዲናሞው የሚረብሸው የምትቀበለውን ነው። ካንተ የሚወጣውን ማን ነካው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያለው ሁሉ አንድ በአንድ መጣበት፣ «አሮጊት» ያላቸው ሳይቀር። ወጥቶ እንዳይሮጥ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል የሽቦ ረጃጅም እግሮች። ሽቦ እያፏጨ ናስትሮውን ቀደደ፣ የአንቴናውን ሽቦ አውጥቶ በሌላኛው የመኪናው ጎን አዞረው። ከዲናሞው ሽቦ ጋር መገናኘት ግድ የሆነባት አንዲት ቦታ ላይ ቀጥ አድርጎ አሻገረው። «ማቋረጥ ካለባቸው ያቋርጡ፣ ጎን ለጎን ግን አይሂዱ» አለ። እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አስነሳ። ዝም። አንዲት ጩኸት የለችም።

ሽቦ ማይኩን አንስቶ «እማማ፣ ሙከራ ነው» አለ።

«ልጁ አለ?» ድምፃቸው አጠገባቸው የተቀመጡ ያህል ቀረበ።

ሽቦ ማይኩን ለሹፌሩ ሰጥቶ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

«አለሁ እማማ። ስለተናገርኩት ሁሉ... ይቅር ይበሉኝ።»

«የምን ይቅርታ! ይልቀቁኝ ያልከኝ ዕለት እኮ ሂዱ ብዬሃለሁ። ሌላ ሹፌር አግኝቻለሁ፣ ልጄን ይዘህ ሂድ፣ መርቄሃለሁ አልኩህ። ደጋግሜ ነው ያልኩህ። በልጄ ፊት እንዳላነሳው፣ ሥራ ማግኘትህን ሳትነግራት ቀርተህ እንደሆነ ብዬ ፈራሁ። አንተ ‹አይሰማም› እያልክ ጆሮ ዳባ ልበስ ስትለኝ፣ ማመካኛው ነው፣ አፉ ነው እንጂ ልቡ አልቆረጠም አልኩ። ሬዲዮው ይሆን ብዬ የጠረጠርኩት ኋላ ነው። ያን ጊዜ አዲሱን ሹፌር አሰናብቼው ነበር።»

ሹፌሩ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «አሁንስ እማማ? አሁን ብንሄድስ?»

«አሁንማ ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ ልጄ። ትናንት ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ። ሚስትህ ስትሰማ አለቀሰች፣ ትቼሽ የትም አልሄድም ብላ ማለች። አንተም እንደማትሄድ ቃል ገባችልኝ።»

ሹፌሩ እንባው መጣ። ያዘነው ለእሳቸው ይሁን ለራሱ አልለየውም። ያኔ ሰምቷቸው ቢሆን ሄደው ነበር እኮ፤ እሱና ሚስቱ ይሄኔ ወንድሙ ዘንድ ነበሩ፤ መንገዱን የዘጋው የገዛ እጁ ነው። ማይኩን ሁለት ጊዜ ተጭኖ ለቀቀው።

«እሺ እማማ» አለ በሦስተኛው። «መጣሁ።»